«ቤት ይቁጠረው» እስከ መቼ?

ብዛቱ የማይታወቅን ነገር ስንናገር «ቤት ይቁጠረው» እንላለን። በዚያ ጦርነት ስንት ሰው አለቀ? ቤት ይቁጠረው። ስንቱ ከቀዬው ተፈናቀለ? ቤት ይቁጠረው። አባባሉ ለምላስ ስለሚቀልል ትርጉሙን ልብ አንለውም። እኔ ግን ዕድሜዬ ከአርባ ካለፈ በኋላ፣ አነጋገሩ ማጋነን ሳይሆን እውነተኛ የአገራችን ገጽታ መሆኑ ገባኝ። ሙታንን ሲቆጥር የኖረው በእርግጥም ቤት ነው። እናት ትቆጥራለች፤ ዕድር በመዝገቡ ይቆጥራል፤ የነፍስ አባት በጸሎቱ ይቆጥራል። አገር ግን አይቆጥርም። በቤት ቆጠራና በአገር ቆጠራ መካከል ያለው ክፍተት ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ፣ ምን እያስከፈለንም እንደሆነ፣ ከራሴ ቤት ተነሥቼ ለማሳየት እሞክራለሁ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ነውና ከመነሻው ልጀምር። (ዓመታቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

የአንድ ቤት ሂሳብ

መታወቂያዬ መስከረም 1 ቀን 1975 ዓ.ም. እንደተወለድሁ ይመሰክራል። ምስክርነቱ ሐሰት ነው። አንደኛ ክፍል ስመዘገብ የተወለድሁበትን ቀን የሚያውቅ ስላልነበረ፣ መዝጋቢው መምህር ለማስታወስ የሚቀልለውን ቀን ሰጠኝ። እናቴ የምታውቀው በቆቦ ሜዳ ማሽላው ተቆርጦ በተሰበሰበ ሰሞን፣ «ክፉው ቀን ከመምጣቱ ሁለት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ» መወለዴን ነው። ከዚህ ተነሥቼ ሳሰላው ኅዳር ወይም ታኅሣሥ 1975 ይሆናል።

ይህ የእኔ ብቻ ገጠመኝ አይደለም። የአገራችንን የሕዝብ ቆጠራ ሠንጠረዦች የተመለከተ ሰው በዕድሜ ዓምዱ ላይ አንድ እንግዳ ነገር ያያል። 30፣ 40፣ 50 ዓመት ነን የሚሉ ሰዎች፣ 29 ወይም 41 ነን ከሚሉት እጅግ በልጠው ይታያሉ። ተፈጥሮ እንዲህ አትወልድም። ቁጥሩ እንዲህ የሆነው የተወለደበትን ቀን የሚያውቅ ሰው ጥቂት በመሆኑ ነው፤ ቆጣሪው ሲጠይቅ ተጠያቂው ወደ ሙሉ አሥር አጠጋግቶ ይመልሳል። እናቴም በሦስት ቆጠራዎች ዕድሜዋን ተጠይቃ ሦስቱንም ጊዜ በዜሮ የሚያልቅ ቁጥር ሰጥታለች።

የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው ግንቦት 1 ቀን 1976 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዕለት በቤታችን አምስት ሰዎች ነበርን፤ አባቴ፣ እናቴ፣ የስምንት ዓመት ወንድሜ፣ የአምስት ዓመት እኅቴና እኔ። እናቴ እንደምትለው በመንደራችን ብዙ ሰው ለአቅመ አዳም የደረሰ ልጁን ከቆጣሪው ይደብቅ ነበር፤ የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ የወጣው በዓመቱ በፊት፣ በ1975 ነበርና። እኛ ግን የሚደበቅ ጎልማሳ ስላልነበረን አምስታችንም ተቆጠርን። በውጤቱ የኢትዮጵያ ሕዝብ ኤርትራን ጨምሮ 42.6 ሚሊዮን ገደማ ሆነ። ከዚያ ውስጥ አምስቱ እኛ ነን።

ታናሽ ወንድሜ የተወለደው ከቆጠራው በኋላ፣ በዚያው ዓመት ሰኔ ነው። ዝናቡ ቀረ፤ ማሽላው ሳያሽት ደረቀ። መስከረም 1977 ላይ፣ በአዲስ አበባ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመትና የኢሠፓ ምሥረታ በሚከበርበት ሰሞን፣ አባቴ ቤቱን ዘግቶ ሁላችንንም ይዞ የግራካሱን ዳገት ወደ ኮረም ወጣ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 የቢቢሲው ማይክል ቡርክ ያቀረበውን፣ መሐመድ አሚን በካሜራው የቀረጸውን የኮረም ሜዳ ዓለም አይቶ አነባ። እኔ ያን ፊልም የተመለከትሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። ምስሉን ደጋግሜ እያስቆምሁ የማውቀውን ፊት ፈልጌያለሁ፤ አላገኘሁም። እኅቴና ታናሽ ወንድሜ ያረፉት በዚያ ወር ውስጥ ነው።

ልክ በአሥረኛው ዓመት፣ በጥቅምት 1987፣ ሁለተኛው ቆጠራ መጣ። ከየአምስቱ ቤት ለአንዱ የሚቀርበው ረጅሙ ቅጽ ለእኛ ቤት ደረሰ። አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። እናቴ ልጆቿን ቆጥራ አታውቅም፤ ልጅ መቁጠር ዓይን ያመጣል ብላ ታምናለች። ቆጣሪው ወጣት በአክብሮት «እናቴ፣ በሕይወትዎ ስንት ልጅ ወለዱ?» አላት። ብዙ ዝም አለችና «ሰባት» አለች። «ስንቱ በሕይወት አሉ?» አላት። «አምስት» አለች። ልጁ ሁለቱን ቁጥሮች ጽፎ ወደ ሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ።

ውድ አንባቢ፣ ታናሽ ወንድሜ በዚህች ምድር ላይ ለአራት ወራት ኖሮ በየትኛውም የመንግሥት መዝገብ ላይ ስሙ አልተጻፈም። የተወለደው ከአንደኛው ቆጠራ በኋላ፣ የሞተው ከሁለተኛው በፊት ነው። የእኅቴም መወለድ ሆነ መሞት የምስክር ወረቀት የለውም። ሁለቱ በአገራቸው ሰነድ ላይ በአንድነት የሚገኙት በአንዲት ቅንስናሽ ውስጥ ብቻ ነው፤ ሰባት ሲቀነስ አምስት።

ትልቁ ቁጥር የሚደብቀው

ቆየት ብዬ፣ ከቁጥር ጋር መዋል እንጀራዬ ከሆነ በኋላ፣ ያችን ቅንስናሽ በአገር ደረጃ ልፈልጋት ሞከርሁ። የመጀመሪያው ትምህርቴ አስደንጋጭ ነበር፤ በአገሪቱ ጠቅላላ የሕዝብ ቁጥር ላይ ረሃቡ ጭራሹን አይታይም።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። ኤርትራን ስናወጣ የ1976ቱ ቁጥር 39.9 ሚሊዮን ገደማ ነው። በ1987 ደግሞ 53.5 ሚሊዮን ሆኗል። ይህ በዓመት በአማካይ ወደ 2.8 በመቶ ዕድገት ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት 40 ሚሊዮን ሕዝብ በአንድ ዓመት ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ይጨምራል። ስለ 1977ቱ ረሃብ በሰፊው ከሚጠቀሱት ግምቶች ከፍተኛው 1 ሚሊዮን ሙት ነው። ይህን ግምት ብንወስድ እንኳ፣ እልቂቱ በአገሪቱ ጠቅላላ ቁጥር ላይ የአንድ ዓመት ጭማሪ አያህልም። የዕድገቱን መስመር በወረቀት ላይ ብታሰምሩት አንዲት ስብራት አታዩበትም። «ሕዝባችን እየጨመረ ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገርና «በአንድ ሜዳ በየማለዳው ሬሳ ይሰበሰብ ነበር» የሚለው ዓረፍተ ነገር በአንድ ጊዜ እውነት ሊሆኑ ይችላሉ።

እንግዲህ የግል ታሪክን ከአገር ታሪክ ጋር ማገናኘት የሚፈልግ ሰው ጠቅላላ ድምርን ይዞ መሄድ አይበቃውም። ወደ አካባቢው፣ ወደ ዕድሜው፣ ወደ ወቅቱ ወረድ ብሎ መመልከት አለበት። ችግሩም የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የ1976ቱ ቆጠራ በጦርነቱ ምክንያት የኤርትራንና የትግራይን ገጠር አልደረሰም፤ የባሌና የሐረርጌ ደቡባዊ ክፍል ሕዝብም በግምት ተሞላ። ረሃቡ ከመታቸው ሥፍራዎች ብዙዎቹ አስቀድመው ያልተቆጠሩት ነበሩ። አሌክስ ደ ዋል በጥናቱ እንዳሳየው፣ የረሃቡ ካርታ በአመዛኙ በጦርነቱ ካርታ ላይ የተነጠፈ ነበር። ቆጣሪን ያገደው ጦርነት እህልንም አግዷል።

ውጤቱ ምንድን ነው? ዛሬም ስለዚያ ረሃብ ስንጽፍ «ከ400,000 እስከ 1 ሚሊዮን ሰው» እንላለን። ይህን ሐረግ ስናነብ ዓይናችን በሁለቱ ቁጥሮች ላይ ያርፋል፤ በመካከላቸው ያለውን ልብ አንልም። በመካከላቸው ያሉት 600,000 ሰዎች ናቸው። መሞታቸውንም ሆነ መኖራቸውን የማናውቃቸው፣ ቤት ብቻ የቆጠራቸው 600,000 ሰዎች።

አምስት ሴንቲ ሜትር

ሆኖም ያልተመዘገበ ነገር ሁሉ አልጠፋም። አንዳንዱ በሥጋችን ላይ ተጽፏል።

ስቴፋን ዴርኮንና ካትሪን ፖርተር የተባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ የገጠር ቤተሰቦች ላይ ለዓመታት በተሰበሰበ መረጃ ተመርኩዘው፣ የ1977ቱ ረሃብ ሲበረታ ሕፃናት የነበሩትን ሰዎች ካደጉ በኋላ መረመሯቸው። ያኔ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ዕድሜ የነበራቸው ልጆች፣ ጉልምስና ሲደርሱ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አጥረው ተገኙ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን የመጨረስ ዕድላቸውም ቀንሷል። ተመራማሪዎቹ ጉዳቱን ወደ ገቢ ሲተረጉሙት በዓመት በአማካይ 5 በመቶ ገደማ ኪሳራ ሆኖ አገኙት፤ ይህም በዕድሜ ልክ።

ጥናቱን ባነበብሁበት ምሽት ጣቴ ላይ ቆጠርሁ። ጥቅምት 1977 ላይ ዕድሜዬ ሃያ ሦስት ወር ገደማ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ከእኔ ሰባት ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ በቤተሰብ «አጭሩ ምሁር» እየተባልሁ የምቀለድበት ጉዳይ ነው። ከዚያ ምሽት በኋላ ቀልዱ እንደ ቀድሞው አላሳቀኝም።

እዚህ ላይ ግን ለተማሪዎቼ የምለውን ለራሴም ልበል። የብዙዎች አማካይ ስለ አንድ ሰው አይፈርድም። እኔ ያጠርሁት በረሃቡ ይሁን፣ በእናቴ በኩል ባሉት አጫጭር አጎቶቼ ምክንያት ይሁን ማንም ሊነግረኝ አይችልም። ቁጥሩ የሚነግረኝ ሌላ ነገር ነው። በእኔ ዕድሜ ያሉ፣ ከእኔ ጋር በዚያ ዳገት የተሸከሟቸው ልጆች እንደ ትውልድ አንድ ነገር ተነጥቀዋል፤ የተነጠቁትም በሴንቲ ሜትር፣ በክፍል ደረጃና በብር ሊለካ ይችላል። ግለሰቡን ከታሪክ ጋር የሚያገናኘው ድልድይ ይህ ነው። «የእኔ ታሪክ የሁሉ ታሪክ ነው» ማለት ቀላል፣ ግን የማይታመን ነው። «እኔ ከእነዚህ አንዱ ነኝ፤ እነዚህ ይህን ያህል ናቸው፤ የደረሰባቸውም ይህ ነው» ማለት ግን የሚመረመርና የሚያከራክር እውነት ነው።

ቁጥር የሚያመጣው መርዶ ብቻ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ1997 ወደ 123፣ በ2003 ወደ 88፣ በ2008 ወደ 67፣ በ2011 ደግሞ ወደ 59 ወርዷል። ይህ ሁሉ የሆነው በአንድ ትውልድ ውስጥ ነው። ልጆቼ የተወለዱት በዚህ ቁልቁለት መስመር ላይ ነው፤ እናቴ ሰባት ወልዳ ሁለት የቀበረችበትን ዘመን የሚያውቁት በወሬ ነው። ይህን ድል ለማንም ፓርቲ ስጦታ አላደርገውም፤ በገጠር ቤት ለቤት የዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና እናቶች ሥራ ነው። ግን እንዴት አወቅነው? በመቁጠር።

ሳይቆጠሩ ማስተዳደር

አሁን ወደ ዛሬው ጉዳያችን እንምጣ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ያዝዛል። የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን፣ የአፋርና የሶማሌ ክልሎች በ2000 መጀመሪያ ተቆጥረዋል። የሚቀጥለው ደጋግሞ ተራዘመ፤ በሰኔ 2011 ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው እንደገና አራዘሙት። ከዚያም ወረርሽኝ መጣ፤ ከዚያም ጦርነት። እነሆ ሁለት አሥርት ዓመታት ሊሞሉት ተቃርበዋል።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የኢትዮጵያን ሕዝብ ዛሬ ከ130 ሚሊዮን በላይ አድርጎ ይገምተዋል። የራሳችን የስታትስቲክስ መሥሪያ ቤት ትንበያ ደግሞ ወደ 110 ሚሊዮን ይጠጋል። በሁለቱ መካከል ከአንዳንድ የአፍሪካ አገሮች ጠቅላላ ሕዝብ የሚበልጥ ልዩነት አለ። ስንዴ ለስንት ሰው እንደሚገዛ፣ ክትባት ለስንት ሕፃን እንደሚታዘዝ፣ የፌዴራል ድጎማ ለየክልሉ በምን መጠን እንደሚከፋፈል የሚወሰነው በዚህ ጭጋግ ውስጥ ነው። ከላይ የጠቀስኋቸው የናሙና ጥናቶች ራሳቸው ናሙናቸውን የሚመርጡት ከቆጠራ መዝገብ ነው፤ መዝገቡ ባረጀ ቁጥር ናሙናውም ያረጃል።

ቆጠራ በራሱ ሰላም አያመጣም የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። የ1999ኙ ውጤት ሲገለጥ የአማራ ክልል ሕዝብ ከተተነበየው በ2.4 ሚሊዮን ያህል አንሶ መገኘቱ ምክር ቤት ድረስ ያደረሰ ክርክር ማስነሣቱን እናስታውሳለን። ልዩነቱ የወሊድ መቀነስ ነው? ፍልሰት ነው? ሞት ነው? ወይስ የቆጠራ ግድፈት? ጥያቄው ሁሉንም በሚያሳምን መንገድ ሳይዘጋ እያንዳንዱ ወገን የየራሱን መልስ ይዞ ቀረ። ነገር ግን ይህ ክርክር የተነሣው በመቁጠራችን አይደለም፤ የቆጠረው አካል በሁሉም ዘንድ ባለመታመኑ ነው። መድኃኒቱም መቁጠርን መተው ሳይሆን፣ ሁሉ ሊመረምረው በሚችል መንገድ መቁጠር ነው።

ሌሎች ደግሞ ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን ቢቆጥር መቅሰፍት መጣበት ይላሉ። እናቴም ከዚህ ወገን ናት። ነገር ግን በሳሙኤል መጽሐፍ የተቆጠረው ማን እንደ ነበረ ልብ እንበል፤ ሰይፍ የሚመዝዝ ወንድ ብቻ ነው። ሴቲቱ፣ ሕፃኑ፣ ሽማግሌው አልተቆጠሩም። ለጦር የሚቆጥር መንግሥት ሕዝቡን ያስፈራል፤ በ1976 የመንደራችን ሰው ልጁን የደበቀው በዚህ ምክንያት ነው። ለእንጀራ፣ ለመድኃኒትና ለመታሰቢያ የሚቆጥር መንግሥት ግን ሌላ ነው። እኛ ገና ያላየነው ሁለተኛውን ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ የተካሄደው ጦርነት ነው። የአፍሪካ ኅብረት ልዩ ልዑክ የነበሩት ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ በጥር 2015 የሟቾቹ ቁጥር እስከ 600,000 ሊደርስ እንደሚችል ተናግረዋል። ይህ ግምት ነው፤ የሚበዛም የሚያንስም ሌላ ግምት አለ። በትግራይ፣ በአማራ፣ በአፋር በየቤቱ የተቀመጠ ባዶ ወንበር አለ፤ ቤት ቆጥሯል። ከዚያ ወዲህ በአማራና በኦሮሚያ ክልሎች በተቀጣጠሉት ግጭቶች የወደቁትንም ቤት እየቆጠረ ነው። ከአርባ ዓመት በኋላ የሚመጣ አንድ መምህር፣ ዛሬ ሁለት ዓመት የሆነው ልጅ፣ እንደ እኔ ቁጭ ብሎ ቅንስናሽ ይፈልግ ይሆናል። ምን ያገኛል? «ከዚህ እስከዚያ» የሚል ሐረግ ብቻ እናወርሰው?

ምን እናድርግ?

የሚከተሉትን እላለሁ። አንደኛ፣ ቆጠራው የመላው አገር ሰላም እስኪሟላ ድረስ እየተራዘመ ቢሄድ እንኳ የሞትና የልደት ምዝገባ ምንም ምክንያት የለውም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጁ በ2004 ወጥቶ ሥራው በ2008 ማብቂያ ተጀምሯል። በ2008ቱ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሥራው ከዚያ ወዲህ የት እንደደረሰ መንግሥት በየዓመቱ በወረዳ ዘርዝሮ ለሕዝብ ያሳውቅ። ሁለተኛ፣ ቆጠራው ሲካሄድ ቅጹ፣ የቆጣሪዎቹ አመራረጥና የውጤቱ ማጣሪያ በገለልተኛ ባለሙያዎች ይታይ፤ ዝርዝሩም የሰዎች ማንነት ተጠብቆ ለተመራማሪ ሁሉ ክፍት ይሁን። ሦስተኛ፣ በጦርነትና በረሃብ ያለቁት ወገኖቻችን የብሔርና የጎራ ልዩነት ሳይደረግ ስም በስም ይመዝገቡ። መነሻው ሩቅ አይደለም፤ የዕድርና የደብር መዝገብ በየቀበሌው አለ።

አራተኛው ለአንተና ለአንቺ ነው፣ አንባቢ። እናታችሁ በሕይወት ካሉ፣ አንድ ወረቀት ይዛችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ። ስንት ወለዱ? መቼ? የት? ስንቱ አሉ? የሌሉት በምን ሄዱ? ስማቸው ማን ነበር? ይህን የጻፈ ቤተሰብ በብዛቱ ልክ ለነገው ታሪክ ጸሐፊ ማስረጃ ያቀብላል። የሥነ ሕዝብ ባለሙያዎች የተጠፋፉ ሞቶችን የሚያሰሉበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው፤ ሰውን ስለ ወንድሞቹና ስለ እኅቶቹ መጠየቅ።

እኔ ይህን ያደረግሁት ባለፈው የገና በዓል ነው። እናቴ አሁንም መቁጠሩን አልወደደችውም። ስሞቹን ግን አንድ በአንድ ነገረችኝ፤ አራተኛው ላይ ስትደርስ ቆም ብላ «የእሱን ስም ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር» አለች። ጻፍሁት።

ቆጥሮ የሚያስብ መንግሥት፣ ተቆጥሮ የማይፈራ ሕዝብ ያድርገን። ቸር ይግጠመን።